ክሎሪንና ክሎራይድ በቤት ውሃ፦ የጉድጓድ ውጤት፣ የሮቶ ውሃና የጠላ ሽታ (ባሕር ዳር)

ሽምብጥ_ግቢ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ነን። ግቢው ሁለት ዓይነት ውሃ ይጠቀማል፦ አንዱ ጣሪያ ላይ ወዳለው 2000 ሊትር ሮቶ የሚገባው የከተማ ቧንቧ ነው፤ ሌላው በእጅ የተቆፈረ 9 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ላቦራቶሪ ተመርምሮ ክሎራይድ 96፣ ናይትሬት 61 ሚሊግራም በሊትር የሚል ውጤት መጣ። ጉድጓዱ ውስጥ ክሎሪን የጨመረ ሰው የለም።

አሁን ምክሩ በዛብን። አንዱ «ክሎሪን ነው፣ ስታፈሉት ይተናል» ይላል። ማጣሪያ ሻጩ «የከሰል ማጣሪያ ሁለቱንም ያስቀራል» ይላል። የቧንቧው ውሃ ደግሞ አንዳንድ ቀን ክሎሪን ይሸታል፤ ከሮቶ ሲቀዳ ግን ሽታው የለም። በዚሁ በቧንቧው ውሃ የተጠመቀው ጠላም መድኃኒት መድኃኒት ብሏል። የቱን በምን እንለካ? የትኛውስ ነው የሚያሳስበው?

የውሃ_ኬሚስት

እህቴ፣ 96ቱ ክሎሪን አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሎሪን ጣሪያ 5 ሚሊግራም በሊትር ነው። 96 ክሎሪን ያለበት ጉድጓድ ክዳኑ ሲነሳ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ልብስ ያነጣል። ክሎራይድ ግን የምግብ ጨው ግማሽ አካል ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጀርምም አይገድልም። በጣዕም የሚታወቀው ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ሲደርስ ነው። 250 የሚለው የተለመደ ወሰንም የተቀመጠው ለጣዕም እንጂ ለጤና ተብሎ አይደለም።

ሁለቱን የሚለያቸው ኤሌክትሮን ነው። ክሎሪን ኤሌክትሮን ይጎድለዋል፤ ካገኘው ነገር ሁሉ ይነጥቃል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሆናል፤ የባክቴሪያውን ሽፋን የሚያበላሸው፣ የሟሟውን ብረት ወደ ዝገት የሚለውጠው፣ ከቅጠል ብስባሽ ጋር የሚዋሐደው እሱ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ክሎራይድ ይሆናል፤ አንዴ ክሎራይድ ከሆነ በኋላ ቤት ውስጥ ወደ ክሎሪን የሚመልሰው ነገር የለም። ስለዚህ በክሎሪን የታከመ ውሃ ሁሉ ክሎራይድ ይጨምራል፤ ግን በጣም ጥቂት። 2 ሚሊግራም ክሎሪን ሥራውን ሲጨርስ የሚተወው ወደ 2 ሚሊግራም ክሎራይድ ነው። 96 በዚህ መንገድ አይመጣም።

ማፍላትን በተመለከተ የተሰጣችሁ ምክር ለጉድጓዱ ጎጂ ነው። ማፍላት ክሎሪንን ያባርራል፤ ክሎራይድንና ናይትሬትን ግን ያከማቻል፣ ምክንያቱም የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። 10 ሊትር ፈልቶ 8 ሊትር ቢቀር፣ 96 የነበረው ክሎራይድ 120 ይሆናል፤ 61 የነበረው ናይትሬት ወደ 76 ይወጣል። ጀርም ለመግደል ከሆነ ማፍላት ጥሩ ነው። በባሕር ዳር ከፍታ፣ ማለትም 1800 ሜትር ገደማ፣ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ማቆየት በቂ ነው።

ሻጩ የነገራችሁ ግማሹ ልክ ነው። የከሰል ማጣሪያ ክሎሪንን በደንብ ያስቀራል። ክሎራይድና ናይትሬት ግን እንደገቡ ይወጣሉ። ክሎራይድ የሚቀነሰው በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ወይም ውሃውን አትንኖ መልሶ በማጠራቀም ነው፤ ለ96 ሚሊግራም ክሎራይድ ብሎ ያን ወጪ ማውጣት ትርጉም የለውም። ከሰል ከገዛችሁም ከሮቶው በፊት አትግጠሙት። ክሎሪኑን አስቀርቶ ጥበቃ የሌለው ውሃ ለቀናት ታንከር ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርጋል። የሚገጠመው የሚጠጣው ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ ላይ ነው፤ ካርትሬጁም በጊዜው ካልተቀየረ ራሱ የባክቴሪያ ማደሪያ ይሆናል።

ቧንቧና_ሮቶ

የሮቶው ጉዳይ ከጉድጓዱ እኩል ትኩረት ይፈልጋል። ከቧንቧ ሲመጣ መሽተቱ መጥፎ ምልክት አይደለም። ውሃው ሲጠፋ ሰንብቶ ሲለቀቅ መስመሩ ውስጥ ግፊት አልነበረም ማለት ነው፤ በዚያ ጊዜ በተሰነጠቀ ቱቦና በላላ መገጣጠሚያ በኩል የውጭ ቆሻሻ ሊሳብ ይችላል። ያን የሚመክተው ቀሪው ክሎሪን ነው። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወጣውን ቡናማ ውሃ ወደ ሮቶ አታስገቡት፤ ከቆጣሪው አጠገብ ባለው ቧንቧ እስኪጠራ አፍስሱት። ዝገቱ ራሱ ክሎሪኑን ይበላዋል። ውሃው ወተት መስሎ ነጭ ከሆነ ደግሞ ክሎሪን አይደለም፤ አየር ነው። ብርጭቆ ውስጥ ከታች ወደ ላይ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይጠራል።

ከሮቶ ሽታው የጠፋው ክሎሪኑ ስላለቀ ነው። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሮቶ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ሙቀት የክሎሪንን ማለቅ ያፋጥናል። ከስር የተኛው ደለልና ግድግዳው ላይ የሚያሟልጨው ንብርብር የቀረውን ይጨርሳሉ። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ፀሐይዋ ብቻ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትጨርሰዋለች።

ክሎሪን የሚለካው በዲፒዲ ነው። ኪቱ ትንሽ ብልቃጥ፣ እንክብልና የቀለም ማነጻጸሪያ ይዞ ይመጣል። ብልቃጡን በሚለካው ውሃ ሦስቴ አለቅልቁ፣ 10 ሚሊሊትር ሙሉ፣ ቁጥር 1 እንክብሉን በእጅ ሳትነኩ ከማሸጊያው በቀጥታ ጨምሩ፣ አድቅቁ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሮዝ ቀለሙን አነጻጽሩ። ይህ ነፃ ክሎሪን ነው። በዚያው ብልቃጥ ቁጥር 3ን ስትጨምሩ ጠቅላላው ይወጣል፤ ልዩነቱ ከአሞኒያ ጋር የተጣመረው ክሎሪን ነው። የሚከረፋ፣ የመዋኛ ገንዳ የሚመስል ሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ከተጣመረው ነው። ሽታው በርትቶ ነፃ ክሎሪኑ ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ክሎሪን በዝቷል ከማለት ይልቅ ውሃው ውስጥ የሚበላው ነገር ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሦስት ነገር ሰውን ያሳስታል። አንደኛ፣ ክሎሪኑ በጣም ከበዛ ዲፒዲው ራሱ ይነጣና ብልቃጡ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ክሎሪን የለም ተብሎ ሌላ ይጨመራል። በረኪና ከተጨመረ በኋላ ቀለም ካልታየ አንድ እጅ ውሃውን በዘጠኝ እጅ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ አቅጥናችሁ ድገሙና በ10 አባዙ። ሁለተኛ፣ ቢጫ ቀለም የሚያሳየው የመዋኛ ገንዳ ጠብታ ነፃውንና የተጣመረውን አይለይም። ሦስተኛ፣ ቲዲኤስ ሜትር ክሎሪን አይለካም፤ የሟሟ ጨው ሁሉ ድምር ነው የሚያሳየው።

ከቧንቧ ወይም ከሮቶ ሲቀዳ ቢያንስ 0.2፣ ቢቻል 0.5 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን ቢኖር ጥሩ ነው።

ሽምብጥ_ግቢ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሮቶው 0.1 ቢያሳይ ስንት በረኪና ይጨመራል? እስካሁንም ታጥቦ አያውቅም።

ቧንቧና_ሮቶ

ካልታጠበ መጀመሪያ ይታጠብ። የቆሸሸ ታንከር ላይ በረኪና ማንጠባጠብ ደለሉን መቀለብ ነው።

አፍስሱት፣ ደለሉን ከታችኛው ማውጫ አስወጡ፣ ግድግዳውን በንጹሕ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ አለቅልቁ። ሳሙና አያስፈልግም። ከዚያ በውሃ ሞልታችሁ በሊትር 50 ሚሊግራም እንዲሆን ክሎሪን ጨምሩ። ለ2000 ሊትር 100 ግራም ክሎሪን ይሆናል፤ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ 2 ሊትር፣ 65 በመቶ ኤችቲኤች የሚባለው የክሎሪን ዱቄት ከሆነ ወደ 154 ግራም። ዱቄቱን መጀመሪያ ባልዲ ውሃ ውስጥ አሟሙት፤ ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም። ነጩ ዝቃጭ ሲረጋ የጠራውን ብቻ ገልብጡ። እያንዳንዱን ቧንቧ ሽታው እስኪመጣ ከፍታችሁ ዝጉ፤ የቤቱ መስመርም አብሮ እንዲታከም። ሌሊቱን ይደር። ያን ውሃ ማንም እንዳይጠጣው ለግቢው ሁሉ ንገሩ።

ጠዋት ስታፈስሱት ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ሐይቁ በሚወስድ ቦይ አትልቀቁት። ዓሣ ከ0.1 ሚሊግራም ባነሰ ክሎሪን ይጎዳል፤ እናንተ የምትለቁት የዚያን ብዙ መቶ እጥፍ ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ፀሐይ አስመቱት፣ ዲፒዲው ዝቅ ሲል ከአትክልት ራቅ አድርጋችሁ ጠጠር ላይ አፍስሱ።

ከታጠበ በኋላ 0.1ን ወደ 0.5 ለማሳደግ የጎደለው 0.4 ነው። 0.4 በ2000 ሲባዛ 800 ሚሊግራም ይሆናል። 5 በመቶ በረኪና በአንድ ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ስለያዘ 16 ሚሊሊትር ይበቃል፤ በመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ ልኩት። ባልዲ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ። በረኪና ሲቆይ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ የተጻፈበትን ያህል አይሠራም። ሁለተኛው ልኬት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሽቶ ወይም ሳሙና የተቀላቀለበት በረኪና ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ማገናኘት መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ታንከር ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ለሚያጥብ ሰው ይህ የሞት ጉዳይ ነው።

ላብ_ቤንች

ወደ ጉድጓዱ ልመለስ፤ ውጤቱን ሳየው ያሳሰበኝ እሱ ነውና።

ከጣና በስተደቡብ ያለው ድንጋይ ባሳልት ነው። ባሳልት ክሎራይድ የሚሰጥ ማዕድን ብዙም የለውም። ስለዚህ 9 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ 96 ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጸዳጃ ቤት ነው። የምንበላው ጨው በሽንት ይወጣል፤ ክሎራይዱን አፈር አይዘውም፣ ተክልም ብዙ አይወስደውም፣ ባክቴሪያም አይበላውም፤ ውሃው በሄደበት ይሄዳል። ከጎኑ 61 ናይትሬት መኖሩ ጥርጣሬውን ያጠናክራል። የዓለም ጤና ድርጅት የናይትሬት ወሰን 50 ነው፤ ይህ የጤና ወሰን ነው፣ በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ሕፃናት። ናይትሬት በሕፃኑ ሆድ ናይትራይት ይሆንና ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ለሕፃን ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ ከዚህ ጉድጓድ ከዛሬ ጀምሮ አይቀዳ፤ ተፈልቶም ቢሆን።

በረኪና ብትጨምሩበት ያኔ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ናይትሬቱን አይነካውም፤ ከመጸዳጃው የሚመጣው ፍሰትም አይቆምም። ሁለትና ሦስት ቀን ቆይቶ ወደነበረበት ይመለሳል። ጉድጓዱን ለወለል፣ ለልብስና ለአትክልት አድርጉት። 30 ሜትር ርቀት የሚለው የተለመደ መለኪያ ለአፈር ነው። ስንጥቅ በበዛበት ባሳልት ውሃ ፈጥኖ ስለሚሄድ 30 ሜትር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል ደግሞ የመጸዳጃው ጉድጓድ ታች ራሱ ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ለናሙና አወሳሰድ፦ ክሎራይድ አይጠፋም፤ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለሳምንታት ይቆያል። ክሎሪን ግን መንገድ ላይ ያልቃል። ጠርሙስ ተሞልቶ በነጋታው ላቦራቶሪ የደረሰ ናሙና ላይ «ክሎሪን 0» የሚል ውጤት ስለ ቧንቧችሁ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ክሎሪን እዚያው ቧንቧው ሥር ይለካል። የባክቴሪያ ናሙና የሚወሰድበት ንጹሕ ጠርሙስ ሶዲየም ታዮሰልፌት (ክሎሪንን የሚያጠፋ ዱቄት) ያለበት መሆን አለበት፤ አለዚያ ክሎሪኑ በጉዞው ላይ ባክቴሪያውን እየገደለ ይሄድና ውሃው ከነበረው ንጹሕ መስሎ ይወጣል። ዱቄቱን አጥባችሁ አትድፉት።

ክሎራይድ ራሳችሁ መለካት ከፈለጋችሁ (የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ላላችሁ መምህራን)፦ 100 ሚሊሊትር ናሙና፣ ፒኤቹ ከ7 እስከ 10፣ 1 ሚሊሊትር የፖታሲየም ክሮሜት ጠቋሚ፤ ከዚያ 0.0141 ኖርማል ሲልቨር ናይትሬት ከቢውሬት ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ቢጫው ወደ ሸክላ ቀለም ማድላት ሲጀምር ማቆም ነው። በዚህ ጥንካሬ እያንዳንዱ ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም በሊትር ነው። በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ አንድ ባዶ ልኬት ሠርታችሁ ቀንሱ፤ ዝቅተኛ ክሎራይድ ላይ ያ ልዩነት ይታያል። ክሮሜቱ መርዝ ነው፤ ያለ ጓንት አይነካም፣ ወደ ፍሳሽም አይደፋም።

ዘጌ_ወደብ

እኛ ከሐይቁ ነው የምንቀዳው። ውሃ አጋር ወይም አኳታብ (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ጨምረን ሽታው ወዲያው ይጠፋል። ክሎሪን ካንሰር ያመጣል የሚሉም አሉ።

የውሃ_ኬሚስት

ወንድሜ፣ ወዲያው መጥፋቱ ውሃው ክሎሪኑን እየበላው መሆኑን ይናገራል። የክረምት ደለል፣ አልጌ፣ የእምቦጭ ብስባሽ ሁሉም ክሎሪን ይበላሉ። ከዳር ሳይሆን ገባ ብላችሁ ከተረጋጋው ቦታ ቅዱ፣ ባልዲ ውስጥ አሳድሩ፣ የጠራውን አራት እጥፍ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉ፣ ከዚያ አክሙ። 67 ሚሊግራም አኳታብ ለ20 ሊትር የጠራ ውሃ ነው፤ ካጠለላችሁም በኋላ ከደፈረሰ ሁለት። 30 ደቂቃ ቆይቶ ቀለል ያለ ሽታ ካለ ሠርቷል፤ ከሌለ አልበቃም። ውሃው እንደ ቀለም አረንጓዴ ሆኖ ከተንሳፈፈበት ቦታ ግን ጨርሶ አትቅዱ፤ የዚያን አልጌ መርዝ ማፍላት አያጠፋውም።

ካንሰር የሚባለው መነሻ አለው። ክሎሪን ከብስባሽ ጋር ሲዋሐድ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ ለብዙ ዓመታት በብዛት ቢጠጡ ያሰጋሉ ተብሎ ወሰን ተቀምጦላቸዋል። መልሱ ብስባሹን አስቀድሞ ማጥለል ነው። ክሎሪኑን መተው ግን ኮሌራንና ተቅማጥን ዛሬውኑ መጋበዝ ነው፤ ሁለቱ አደጋዎች በፍጹም አይመጣጠኑም።

ጌሾና_ብቅል

ጠላው መድኃኒት መድኃኒት ያለው ክሎሪኑ ከጭሱ ጋር ስለተገናኘ ይመስለኛል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን የጭሱ ፌኖሎች ሸክላው ውስጥ ይቀራሉ። ክሎሪን ያለበት ውሃ ሲገባበት ክሎሮፌኖል ይፈጠራል። ይህ ውሁድ በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ሲሆን እንኳ ምላስ ላይ ይታወቃል፤ ጠላው እየፈላ ሲሄድም አይጠፋም። ክሎራይድ እዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም።

መፍትሔው ክሎሪኑን ከጋኑ በፊት ማስወጣት ነው። ሰፊ አፍ ባለው ጎላ ድስት ሌሊቱን ክፍቱን አሳድሩት፣ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ፤ ወይም አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ከቸኮላችሁ ቫይታሚን ሲ ይሠራል፦ ለ1 ሚሊግራም ክሎሪን 2.5 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በዲፒዲ 1 ያሳየ 20 ሊትር ጀሪካን በ50 ሚሊግራም ይጠራል። እንክብሉን ፈጭታችሁ አማስሉ፣ እንደገና ለኩ። ይህን ለጥንስሱም፣ በኋላ ድፍድፉ ለሚቀጥንበት ውሃም አድርጉት፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስተካክልና ሁለተኛው ያበላሽበታል። ጋኑን በበረኪና ያጠበ ካለ ደግሞ ሽታው ፈጽሞ እስኪለቅ አለቅልቆ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ብቻ ያጥን። ክሎሪኑ የወጣበትን ውሃ ለመጠጥ አታስቀምጡት፤ ጥበቃ የለውም።

ሽምብጥ_ግቢ

የጉድጓዱን ውሃ ለሕፃን ወተት መጠቀሙን ዛሬ አቁመናል። ጉድጓዱ እንደገና ይመርመር ካልን መቼና ምን እናስለካ?

ላብ_ቤንች

ሁለት ጊዜ፦ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ሲል። ክሎራይድ፣ ናይትሬት፣ አሞኒያና ኢ. ኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚጠቁም ባክቴሪያ) አስለኩ፤ ኢ. ኮላይ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ምንም መገኘት የለበትም። በዚያው ቀን ከቧንቧውና ፈቃደኛ ከሆነ ጎረቤት ጉድጓድም ክሎራይድ ብቻ ውሰዱ፤ ዋጋው ቀላል ነው። ቧንቧው ዝቅ ብሎ የጎረቤቱም ከእናንተ ያነሰ ከሆነ ምንጩ በእናንተ መጸዳጃ በኩል ነው፤ እኩል ከፍ ካለ ሰፈሩን የሚመለከት ነው፣ ለቀበሌው ውጤቶቹን አንድ ላይ አቅርቡ። ከመቅዳታችሁ በፊት በባልዲው ደጋግማችሁ ውሃ አውጡ፣ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ አለቅልቁ (የባክቴሪያውን ጠርሙስ ግን በጭራሽ)፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት፣ የባክቴሪያው በበረዶ ሳጥን ሆኖ በዚያው ዕለት ይድረስ።